ከወጥ ቤት ሃያ ሁለት

እኔ መሥራች አባት ነኝ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። መሥራች አባቶች ሲባል ሰው ሁሉ ነጭ ሰው ሠራሽ ፀጉር አጥልቀው በላባ ብዕር የሚጽፉትን አሜሪካኖች ነው የሚያስበው። እኔ በላባ አልጻፍኩም፤ የሆነ ቦታ በነፃ በታደለ እስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። ፀጉርም ቢሆን ሰው ሠራሹ ቀርቶ የራሴውም ጥሎኝ ሄዷል። ቢሆንም ከዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ኦስሎ፣ ቶየን፣ ከከተማው አስተዳደር በተከራየነው የኮሙን ቤት ሳሎን ውስጥ ሰባት ወንዶች ተሰብስበን መረዳጃ ማኅበር ስናቋቁም፣ መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ ደምሴ ነኝ።

ለምን እኔ? ደሴ ስድስት ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ የእጅ ጽሑፌም ያምራል። እዚህ አገር ሥራዬ ቫክትሜስተር ነው። ፉሩሴት ካሉት የመኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ ግቢ አምፖል እቀይራለሁ፣ የተዘጋ ቱቦ እከፍታለሁ፣ በክረምት በረዶ እጠርጋለሁ። ማኅበሩ ውስጥ ግን ጸሐፊ ነኝ። ሰው አንድ ቦታ እንኳ መከበር አለበት አይደል?

የዚያን ዕለት አንቀጽ አንድን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በፈጣሪ ፊት ሰው ሁሉ እኩል ስለሆነ፣ የማኅበራችን አባል ሁሉ እኩል ክብርና እኩል ድምፅ አለው።» ጮክ ብዬ ሳነበው ሊቀመንበራችን ጋሽ ግርማ እንባ አቀረሩ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወረድ ብዬ አንቀጽ ዘጠኝ ላይ «በስብሰባ ድምፅ የሚሰጠው የየቤቱ አባወራ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ አገር ቤት የማውቀው እድር እንደዚያ ስለነበር። ሁለቱ አንቀጾች እርስ በርስ መጣላታቸውን ከሰባታችን አንዳችንም አላየንም። ሰባቱ ሚስቶቻችን ወጥ ቤት ነበሩ፤ የእኔዋ የሺ ብሌንን አርግዛ፣ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ አንቀጽ አንድን የጨመርኩት ለማሳመሪያ ነው።

ባለፈው ሰኔ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ያቺው ያኔ በሆድ የነበረችው ብሌን ቦርሳዋን ኮሪደሩ ላይ ወርውራ እየሮጠች ገባች።

«አባዬ! ሙንትሊግ ወጣብኝ! በታሪክ!»

ሙንትሊግ የቃል ፈተና ነው። እዚህ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በየትኛው ትምህርት በቃል እንደሚፈተን የሚነገረው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የእሷ ፈተና ሰኞ ጠዋት ነበር።

«ርዕሱስ?»

«አሜሪካ ስትመሠረት የተጻፉት ትልልቅ ሐሳቦች ከዚያ በኋላ በደረሱት የታሪክ ክስተቶች እንዴት ተለወጡ የሚል ነው።»

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቱቦ ስከፍት የኖርኩ ሰው በገዛ ቤቴ አስተማሪ ልሆን! መነጽሬን አጠለቅሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ማቀዝቀዣውን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፌ ቆምኩ።

«ስሚ። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብለው ጻፉ፤ ከእንግሊዝ ንጉሥ ተገነጠሉ። ኋላ ሰሜንና ደቡብ ተከፍለው እርስ በርስ ተዋጉ። ባሮች ነፃ ወጡ፣ ለሁሉም የመምረጥ መብት ተሰጠ። አለቀ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«ኔይ፣ አባዬ። ለወንዶቹ ነው። ሴቶቹ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ጠብቀዋል። ጥቁሮቹ ወንዶችም ወረቀት ላይ ተሰጣቸው እንጂ ሊመርጡ ሲሄዱ ከበር ይመልሷቸው ነበር። ሰልፍ ወጥተው፣ ተደብድበው፣ ታስረው ነው መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ያገኙት። ደሴ ላይ ይሄን አላስተማርክም?»

«ደሴ ላይ ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነበር» አልኳት።

ሳቀችና የዳማ ሣጥኔን ከመደርደሪያ አውርዳ ቆርኪዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። በዳማ የማኅበሩ አንደኛ እኔ ነኝ፤ ይህን ወደ ፊት ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ። አምስት ቆርኪ ደረደረች።

«እነዚህ ባሮች ናቸው እሺ? አገሩ ሕገ መንግሥት ሲጽፍ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በሕዝቡ ብዛት ልክ ተወካይ ይልካል ተባለ። ባለ ባሮቹ ባሮቻችንም ይቆጠሩልን አሉ። ለምን? ብዙ ወንበር እንዲያገኙ። ሌሎቹ ደግሞ፣ ንብረቶቻችን ናቸው ስትሉ ከርማችሁ አሁን ሰው ሆኑ? አሏቸው። መጨረሻ ላይ እንዲህ አድርገው ታረቁ።» ከአምስቱ ቆርኪ ሁለቱን አነሣች። «አምስቱ እንደ ሦስት ይቆጠሩ ተባለ። እነሱ ራሳቸው ስንት ድምፅ ያገኙ ይመስልሃል?»

«ስንት?»

«ዜሮ። በእነሱ ቁጥር ጌቶቻቸው ተጠቀሙ።»

እኔ ታሪኩን በሩቁ ሰምቼው ነበር፤ በቆርኪ ሲያዩት ግን ሌላ ነው። ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን በመዳፌ ስመታው ቆርኪዎቹ ዘለሉ።

«አስነዋሪ ነው! ሰውን ለቁጥር ፈልጎ ድምፁን መንፈግ? ምን ዓይነት ሕሊና ነው? ሰው አያፍርም?»

ይህችን ንግግሬን አደራ አስታውሱልኝ።

«ግን ደስ የሚለው ምን መሰለህ?» አለች ብሌን። «ያንኑ ወረቀት መልሰው ያዙባቸው። ያመለጡት ባሮች፣ እናንተ ራሳችሁ እኩል ብላችሁ ጽፋችሁ የለም ወይ አሏቸው። ሴቶቹ ወረቀቱን ወስደው እኛንም ጨምሩን አሉ። ሰልፈኞቹም እንደዚያው። ጸሐፊዎቹ ይህን ያህል አስበው ላይሆን ይችላል ትላለች አስተማሪያችን። ግን አንዴ ከጻፉት በኋላ የእነሱ ብቻ አይደለም።»

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» አልኳት።

«ያ! ኢከ ሳንት፣ አይደል? ለንጽጽር ደግሞ እኛ የምናውቀው አንድ መመሥረቻ ጽሑፍ ማምጣት አለብን። አንተ የማኅበሩን ደንብ ጽፈህ የለ?»

እንደዚያ ቀን ተሽቀዳድሜ አላውቅም። ደንቡና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባኤ ያለበትን ሰማያዊ ፐርም፣ የወረቀት ማኅደሬን፣ አወረድኩላት። «አንቀጽ አንድን አንብቢ» አልኳት። «እንባ ያስመጣል።»

እሷ ፐርሙን ይዛ ክፍሏ እንደገባች ስልኬ ጮኸ፤ ወይዘሮ እታገኝ ነበረች።

እታገኝን ላስተዋውቃችሁ። ሊንደሩድ በምንከራየው አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ የምታስተምር ሴት ናት። ቀን በሆስፒታል ጽዳት ትሠራለች። ብሌንን ጨምሮ ብዙ ልጆች ፊደል የቆጠሩት በእሷ እጅ ነው። ባሏ ተፈሪ ዓምና አረፈ፤ የቀሩላት ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ናቸው። በደንባችን መሠረት ደግሞ አባወራ ከሌለ ድምፅ የለም። ጋሽ ግርማ ነገሩን በደግነት «ድምፁ ተኝቷል» ይሉት ነበር። እስከ መቼ እንደሚተኛ ግን አልተነገራትም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ስለ ነገው ስብሰባ ነው» አለችኝ። «የልጆቹ ሰዓት ሊወሰድ ነው ይላሉ። አምስት ደቂቃ ብቻ እንድናገር ይፍቀዱልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአዳራሹ ባለቤቶች ቀኑን ሙሉ ሲሰጡን የነበረውን ቅዳሜ ወደ አራት ሰዓት ቀንሰውት ነበር። ስለዚህ ወይ የልጆቹ ትምህርት ወይ የእኛ የወንዶቹ «ምክክር» መቅረት ነበረበት። ምክክር የምንለው ዳማ ነው። ለልጆቹ ሌላ ቦታ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ትምህርቱ አዳራሹን ካጣ አለቀለት ማለት ነው። እታገኝ ይህን ታውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።

«እናያለን» አልኳት።

«እናያለን» በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እሷም አውቃለች፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ዘጋች። ጥያቄዋን በአጀንዳው መጨረሻ፣ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር፣ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ እንዲመጣ አድርጌ ጻፍኩት። ሳየው ሥርዓት የተጠበቀ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም፣ እኔ፣ የሺና ብሌን፣ በሜትሮ ወጣን። የሺ ድስት በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች። ብሌን ፐርሙን አቅፋለች። ቶየን ላይ ባቡር ስንቀይር ድንገት ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ የዓምናው ስብሰባ ላይ ሠላሳ አራት ሰው ነበር ብለህ ጽፈሃል።»

«አዎ።»

«ወንዶቹ ስንት ነበሩ?»

«እኔ እንጃ። አሥራ ሁለት ይሆናሉ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። የፈተና ጭንቀት ነው ብዬ ከረሜላ ሰጠኋት።

አዳራሹ ስንደርስ እንደ ወትሮው ተከፋፈልን። ወንዶቹ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ወጥ ቤት። በመሃል ምግብ የሚቀበሉበት መስኮት አለ፤ በእሱ በኩል የድስት ክዳን ድምፅና ሳቅ ይመጣል። እኔ መዝገቤን ዘርግቼ ከጋሽ ግርማ ጎን ተቀመጥኩ። ጋሽ ግርማ ጡረታ የወጡ የትራም ሾፌር ናቸው፤ ስብሰባም ሲመሩ እንደ ትራም ነው፤ ከሐዲዱ አይወጡም፣ ለማንም አይቆሙም።

«ምልአተ ጉባኤ?» አሉ።

ደንቡ ሠላሳ አባላት ካልተገኙ ስብሰባ የለም ይላል። ወንዶቹን ቆጠርኩ፤ ከነሊቀመንበሩ አሥራ አራት። የቀረው ፈረቃ ላይ ነው፤ አውቶቡስ የሚነዳው ይነዳል፣ መጋዘን ያደረው ተኝቷል። ይህ ግን አሳስቦን አያውቅም፤ ከድሮ ጀምሮ የራሳችን ዘዴ አለን። ወደ መስኮቱ ዞር ብዬ ተጣራሁ።

«እዚያ ስንት ናችሁ?»

«ሃያ አንድ!» አለች አንዷ።

«ከእኔ ጋር ሃያ ሁለት!» አለች የልጄ ድምፅ።

«ሠላሳ ስድስት። ተሟልቷል» ብዬ ጻፍኩ። በመዝገቡ አጻጻፍ፣ «ከአዳራሽ አሥራ አራት፣ ከወጥ ቤት ሃያ ሁለት»። ጋሽ ግርማ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መቱና ስብሰባው ተከፈተ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ለመድረስ ብዙ አልፈጀንም። «ቅዳሜ ለምክክር ይሁን የምትሉ?» አሉ ጋሽ ግርማ። አሥር እጅ ወጣ። ከአሥሩ አንዱ የእኔ ነው። አልደብቃችሁም፤ የዳማ ሻምፒዮን ነኝ ብያችሁ የለ? «ለልጆች ትምህርት የምትሉ?» ሦስት እጅ። ጋሽ ግርማ በሊቀመንበርነታቸው ድምፅ አይሰጡም። በመስኮቱ በኩል እታገኝን አየኋት። ሰሃን እያደራረቀች ነበር፤ አንዱን ሰሃን ደጋግማ፣ ደርቆ አልቆም ታደርቀዋለች። ዓይኔን መዝገቡ ላይ ጣልኩ።

«በአብላጫ ድምፅ...» ብለው ጋሽ ግርማ ሲጀምሩ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ብሌን ሽርጥ እንደታጠቀች፣ እጇ እንደረጠበ፣ ፐርሙን በብብቷ ይዛ ገባች።

«ጋሽ ግርማ፣ ጥያቄ አለኝ። አንተ አሁን ስንት ሰው ቆጠርክ?»

«አንተ» ስትላቸው ጋሽ ግርማ ወንበራቸው ላይ ተነቃነቁ። ብሌን ንቀት አይደለም፤ እዚህ የተወለዱ ልጆች አንቱታ አይበረክትላቸውም። እሳቸው ግን ቅር አላቸው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ተመለሺ የኔ ልጅ» አሉ።

«አላቦካሁም፣ እየቆጠርኩ ነው» አለች። «ደንቡ ሠላሳ አባል ይላል። እዚህ አሥራ አራት ናችሁ። ወጥ ቤት ያሉት አባል ከሆኑ ድምፅ ይስጡ። አባል ካልሆኑ ደግሞ ስብሰባው የለም።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ያ፣ አይቻለሁ። አሥራ ዘጠኙንም ዓመት አነበብኩት።» ፐርሙን ከፍ አደረገችው። «አንድም ዓመት ሠላሳ ወንድ ተገኝቶ አያውቅም። አልትሶ፣ ማለትም ሴቶቹ ካልተቆጠሩ አንድም ስብሰባ ትክክል አልነበረም። የአዳራሹ ኪራይ ውል የለም። ጋሽ ግርማም ተመርጠህ አታውቅም።»

ጋሽ ግርማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይቺን ልጅ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ማን አስተማራት?» አሉ በመጨረሻ።

ብሌን ወደ መስኮቱ ጠቆመች። እታገኝ ከነሰሃኗ ቆማለች።

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ቅዳሜ ቅዳሜ።»

ከወጥ ቤት የሳቅ ፍንዳታ መጣ። ወንዶቹም ፈገግታቸውን መያዝ አቃታቸው። ብሌን ግን አልሳቀችም፤ ቀጠለች። ስለ አሜሪካኖቹ ነገረቻቸው፤ ለወንበር ሲሉ ባሮቻቸውን እንዴት እንደቆጠሩ፣ አምስቱን እንደ ሦስት።

«እኛ እኮ ሙሉ ነው የቆጠርነው!» አሉ ጋሽ ግርማ፣ እውነት ተሰምቷቸው።

እኔ ራሴ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ያኔ ነው ብሌን ወደ እኔ የዞረችው። የፈራሁት ይህንን ነበር።

«አባዬ፣ ጸሐፊው አንተ ነህ። እማዬን ቆጥረሃታል?»

«አንተ ደምሴ፣ አስበህ ተናገር» አሉ ጋሽ ግርማ በጆሮዬ።

አሰብኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ አፍታ ውስጥ ሰው ስንት ነገር ያስባል። ቆጥሬያለሁ ካልኩ የወንድሞቼ ፊት ይጠቁራል፣ ዳማዬ ይቀራል፣ የእድሜ ልክ ሊቀመንበራችን ይቀየማሉ። አልቆጠርኩም ካልኩ መዝገቡ የእኔ እጅ ነው፤ ዋሾ እሆናለሁ። ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ። «ነገሩ በኮሚቴ ይታይ» ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ልጄ ላይ አረፈ። ገና ትናንት፣ ቤታችን ጠረጴዛውን እየመታሁ «ሰው አያፍርም?» ብዬ ስጮህ ያየችኝ ልጅ ናት። አሁን የምታየኝ ያ ሰው የት እንደሄደ ፈልጋ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት እውነት ነው፤ አፍሬ ጆሮዬ ጋለ።

«ቆጥሬያለሁ» አልኩ።

«እንደ ምን?» አለች።

«ሲጎድለን እንደ አባል። ድምፅ ሲሰጥ ግን እንደ ወጥ ቤት።»

መስኮቱ ውስጥ ሳቁ ቆሟል። የሺ ጭልፋ እንደያዘች ታየኛለች።

የደረሱልኝ ጋሽ ግርማ ናቸው፣ ይመስገኑ። ዘወር ብለው አዳራሹን ቃኙ፣ የወንበራቸውን እጀታ አሹ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «እነዚህ ሴቶች አባል ካልሆኑ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በከንቱ ነው የለፋሁት። ሴቶች፣ ኑ ውጡ! አንቀጽ ዘጠኝም ዛሬውኑ ይሰረዝ!»

የቀሩት ሃያ አንድ ሴቶች እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠራረጉ ወጡ። ወንበር አልበቃም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበር ስንደረድር ለእነሱ ደርድረን እንደማናውቅ ያኔ ታየኝ፤ ተነሥቼ የእኔን ለእታገኝ ሰጠኋት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ለመናገር ቆማ ቀረች።

«አምስት ደቂቃ አልፈጅም» አለች። «አሥራ አንድ ልጆች አሉኝ። ባለፈው ሳምንት አንዷ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ቤቷ ከአገር ቤት በመጣ ከረጢት ላይ የተጻፈውን አንብባ፣ እማዬ፣ ይሄ እኮ በርበሬ አይደለም፣ ሚጥሚጣ ነው አለቻት። እናቷ ድስቱ ውስጥ አራት ማንኪያ ልትጨምር ነበር። እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ባሌ ሞቶብኛል፤ ድምፁ ተኝቷል አላችሁኝ። የእኔ ግን አልተኛም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሀ ሁ ስል እሰማዋለሁ።»

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። አሁን እጄን ለልጆቹ አወጣሁ፤ ዳማውን ተሰናበትኩት። ስቆጥር ለልጆች ሃያ ሦስት፣ ለዳማ አሥራ ሁለት። እዚህ ላይ ግን ቁጥሩ አልገጠመልኝም። ከወንዶቹ ዘጠኝ ነው የቀሩት፤ ሦስቱ ከየት መጡ? ቀና ስል አንዷ የሺ! ሚስቴ ለዳማ እጇን ቀጥ አድርጋ ቆማለች።

«የሺ! አንቺ?»

«ቅዳሜ ስትወጣልኝ ቤቴ ያርፋል» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «ድምፅ ስጪ ተባልኩ፣ ሰጠሁ። እንዴት እንደምሰጥም ልትነግረኝ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እታገኝ ራሷ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። በዚያ መሃል ጋሽ ግርማ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው አሸተቱ።

«ምንድነው የሚሸተው?»

ወጡ ነበር፤ አርሯል። ሃያ ሁለቱም አዳራሽ ናቸው፤ ማንም ከእሳቱ አጠገብ የለም። ሁለት የዳማ አርበኞች ሮጠው ገብተው ምድጃውን ከማጥፋት ይልቅ መስኮት ሲከፍቱ ተገኙ። የዚያን ቀን የበላነው ከመደብር የመጣ ፒዛ ነው፤ ያውም ያመጡት ጋሽ ግርማ ናቸው፣ በእግራቸው ሄደው።

ለእኔ ግን ከባዱ ገና ነበር። ብሌን መዝገቡን አየችና «ከእንግዲህ ከወጥ ቤት ሃያ ሁለት ብለህ አትጽፍም አይደል?» አለችኝ። «ስማቸውን ጻፍ።» እሺ ብዬ እስክሪብቶ አነሣሁ፤ ጀመርኩ፤ ቆምኩ። የጋሽ ግርማን ባለቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጧን በልቻለሁ። «የግርማ ባለቤት» ነው የምላት። ሌላዋ «የአቤል እናት» ናት፤ ሦስተኛዋ «ያቺ ጥቁር ሻርፕ የምታደርገው»። ከሃያ ሁለቱ የአሥራ አንዱን ስም አላውቅም ነበር። እየዞርኩ አንድ በአንድ ጠየቅሁ፣ አንገቴን ደፍቼ። የጋሽ ግርማ ባለቤት ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ነገረችኝና እስክጨርስ ጣቷን ከፊደሉ ላይ አላነሣችም።

ሰኞ ብሌን ተፈተነች። ስድስት ትልቁ ውጤት ነው፤ እሷ አምስት አገኘች። ለምን ስድስት እንዳልሆነ ስጠይቃት ስለ እኛ ስታወራ ስለ አሜሪካ የምታወራበት ሰዓት እንዳለቀባት ነገረችኝ። ፈታኟ ሴትዮ የወጡን ማረር ስትሰማ መነጽሯን አውልቃ ስቃለች አለች። ከዚያ ፈታኟ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ ይህን ደንብ የጻፈው ሰው ዛሬ ምን ይላል?

«ምን አልሻት?» አልኩ።

«ገና እየጻፈው ነው አልኳት።»

ወዳጆቼ፣ እስቲ እናንተን ልጠይቃችሁ። ማኅበር፣ እድር፣ ሰንበቴ ያላችሁ፣ ቤትም ብቻ ያላችሁ፣ ከየመዝገባችሁ ውስጥ የምትቆጥሩትና የማትጠይቁት ሰው የለም? እኔ ስለ ሩቁ አሜሪካ ጠረጴዛ ስደበድብ የራሴን የወጥ ቤት መስኮት አላየሁም። «ሰው ሁሉ እኩል ነው» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይኖራል፤ የሚያወርደው አንድ ቀን አንብቦት፣ እጁ እንደረጠበ በር ከፍቶ የሚገባ ሰው ነው። ለማሳመሪያ ብላችሁ ያማረ ነገር ከጻፋችሁ ግን አትሰርዙት። አንድ ልጅ ታነበው ይሆናል።

የዚያኑ ሰኞ ማታ ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ እየገለበጥኩ ነበር። የሺ ሰሃን አጥባ ስትጨርስ በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የእኔስ?»

«አንቺን እኮ አውቅሻለሁ» አልኳት። «እሱን በኋላ እጨምረዋለሁ ብዬ ነው።»

«ማወቅማ ድሮም ታውቀኛለህ» አለች የሺ። «ጻፈው እንጂ።»

ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳትና እያየችኝ ጻፍኩት።